የራጅ ቤቱ ሰው ደም

ጋሼ ከፈለኝን የማውቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ዲላ ውስጥ ክንዱ የተሰበረ፣ ደረቱን ያመመው፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል ቢባል ብዙም አልተጋነነም። በአንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራጅ ሲያነሱ ኖረዋል። ትውልዳቸው ሞጣ ነው። ለሥራ ብለው መጡ፣ የጨለለቅቷን እትዬ ጸሐይን አገቡ፣ በዚያው ቀሩ። ጌዴኦኛ እንደ አገሩ ሰው አይናገሩም፤ "ትንፋሽህን ያዝ"ን እና "አትንቀሳቀስ"ን ግን በጌዴኦኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሲዳምኛም ያውቁ ነበር። "ለእኔ ሥራ ከዚህ በላይ ቋንቋ አያስፈልግም" እያሉ ይስቃሉ።

እኔ ኤልቤቴል እባላለሁ። በአንድ የግል የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ እየሠራሁ፣ እዚያው ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት ርዕስ፣ የራጅ ሠራተኞች ደም በጨረሩ ተጎድቶ እንደሆነ መመርመር ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ደም ይቀዳል። ነጭ የደም ሴሎቹ በሰውነት ሙቀት ልክ በሚሞቅ ኢንኩቤተር ውስጥ ሁለት ቀን ተቀምጠው እንዲራቡ ይደረጋል። ልክ ሊከፈሉ ሲሉ በመድኃኒት ይያዛሉ፣ መስታወት ላይ ይንጠባጠባሉ፣ ቀለም ይገባሉ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ያኔ ክሮሞዞሞቹ፣ ማለትም ዘራችንን የተሸከሙት ቅንጣቶች፣ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ደህና ክሮሞዞም አንድ ወገብ ነው ያለው። ጨረር ሰባብሮት ስብርባሪው ያለቦታው ሲገጥም ግን ሁለት ወገብ ያለው ይወጣል። ጨረር ባልነካው ሰው ላይ ሺህ ሴል ቢታይ እንዲህ ያለው አንድ ቢገኝ ነው።

የሚከብደው ደም የሚሰጥ ሰው ማግኘቱ ነበር። ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ጨለለቅቱ ያሉትን ዘጠኝ ራጅ ቤቶች በሙሉ ዞርኩ። አንዱ ዛሬ አይመቸኝም አለ፤ ሌላዋ ባሌን ላማክር አለች። "አለቃዬ ይፈቅድ እንደሆነ" ብሎ ስልኩን ያጠፋብኝም ነበረ። መጀመሪያ እሺ ያሉኝ ጋሼ ከፈለኝ ናቸው። እሳቸው ከሰጡ በኋላ ለሌሎቹ ራሳቸው እየደወሉ "ለጥናት ነው፣ ልጅቷን አውቃታለሁ፣ አትፍሩ" አሉልኝ። ያለ እሳቸው ጥናቱ አይጀመርም ነበር።

ደማቸውን ልቀዳ የሄድኩት ሥራ ቦታቸው ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ክሊኒኩ በታደሰ ጊዜ በእርሳስ የተለበጠው የድሮው በር ወልቆ ሄዷል፤ በምትኩ የገባው አናጺ የሠራው ተራ የጣውላ በር ነው። ከግድግዳ ሚስማር ላይ የተሰቀለው የመከላከያ ሽርጥ መሃሉ ተሰነጣጥቋል። ደረታቸው ላይ የጨረር መለኪያ ባጅ ሰክተዋል።

"ይኼ መቼ ነው የተነበበው?" አልኳቸው ባጁን እያየሁ።

"ለመነበብ ከተላከ ሰባት ዓመቱ ነው። አሁን ለጌጥ ነው የማደርገው።"

"ስለ በሩስ ነግረዋቸዋል?"

"በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። በየዓመቱ በሚቀጥለው ዓመት ይሉኛል።"

በመሃል አንዲት እናት ሕፃን ይዛ ገባች። ሕፃኑ አልጋው ላይ አልረጋም አለ፤ እናትየው ልትይዘው አልቻለችም። ጋሼ ከፈለኝ በገመድ የተንጠለጠለውን የማሽኑን ማንሻ ለጽዳት ሠራተኛዋ አስይዘው፣ ልጁን በሁለት እጃቸው ትከሻና ዳሌው ላይ ያዙትና "በቃ፣ በቃ፣ አለቀ" እያሉ አባበሉት። የዚያን ዕለት ብቻ ሁለቴ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ሊሆን እንደሚችል ያኔ አላሰብኩትም።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና መርፌዬን ከማስገባቴ በፊት "ውጤቱን ትነግሪኛለሽ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ጥናቱ እንደ ቡድን ነው የሚታየው። የአንድ ሰው ውጤት ለብቻው አይወጣም። ፈርመውበታል እኮ፣ ቅጹ ላይ አለ። ለእርስዎም የተሰጠዎት ቁጥር ነው።"

"ስንት ቁጥር ነኝ?"

"ሰባት።"

"እሺ፣ ሰባት ልሁን። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ውስጥ እያየሁ ነው የኖርኩት። አንቺ ደግሞ የእኔን ውስጥ አይተሽ መንገድ ላይ ስታገኚኝ ዝም ብለሽ ልታልፊኝ ነው?"

"እነግርዎታለሁ" አልኩ። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ደንቡን አውቃለሁ። ዓይናቸውን እያየሁ ግን ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣ አለ።

የመጀመሪያው ደም ተበላሸ። ኢንኩቤተሩ ውስጥ በገባ በማግሥቱ መብራት ጠፋ፤ ለጀነሬተሩ ናፍጣ አልነበረም። ሴሎቹ በርደው ሞቱ። የአሥራ አንድ ሰው ደም እንዲሁ ፈሰሰ፤ ከአሥራ አንዱ ዳግም ለመስጠት እሺ ያሉት ስድስት ናቸው። ጋሼ ከፈለኝ ግን "ደሜንም መብራት ፈጀው?" ብለው ስቀው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ቀናኝ። ከራጅ ሠራተኞች ሃያ፣ ጨረር ከማይነካቸው ሰዎች ሃያ፣ በድምሩ የአርባ ሰው መስታወት አዘጋጀሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ መቁጠር ነው። ከእያንዳንዱ ሰው አምስት መቶ ሴል እያየሁ ሦስት ወር ቆጠርኩ። ከማነጻጸሪያዎቹ አብዛኞቹ ላይ ምንም አልነበረም። ከራጅ ሠራተኞቹ አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት አገኘሁ። ሰባት ቁጥር ላይ ስደርስ ገና መቶ ሴል ሳልሞላ ሁለት ወገብ ያለው ክሮሞዞም ሦስት ጊዜ አየሁ። ቀለሙ አበላሽቶት ይሆናል ብዬ ሌላ መስታወት አወጣሁ። አምስት መቶ ሴል ስጨርስ ዘጠኝ ነበሩ። አንዱ ሴል ውስጥ ሁለት ወገብ ያለው ብቻ ሳይሆን ሦስት ወገብ ያለው ነበረ። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ ሥዕል ካልሆነ አይቼ አላውቅም።

ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ይስቃሉ። እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩት አላውቅም።

አማካሪዬ ዶክተር ፊሊጶስ ጠንቃቃ ሰው ነው። ቁጥሩን በፕላስተር ሸፍኜ መስታወቱን ሰጠሁት። እሱም አምስት መቶ ቆጠረ። ስምንት አገኘ።

"ማን እንደሆነ አትንገሪኝ" አለኝ ቀድሞ።

"ዶክተር፣ ይኼ ሰው ግን ማወቅ አለበት።"

"አውቆ ምን ይሆናል? መድኃኒት የለውም። ነገ ሊያመው ይችላል፣ ሰማንያ ዓመት ሊኖርም ይችላል። እኛ የምናውቀው ጨረር በብዛት እንደነካው ብቻ ነው። ላቦራቶሪያችን ለምርምር እንጂ ለሕክምና ምስክርነት ፈቃድ የለውም።"

"ቢያንስ ከዚያ ክፍል ይወጣላ!"

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "እንግዲያው በሥርዓቱ እንሂድ" አለ። "ለኮሌጁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጻፊ። እነሱ የሚሉትን እናደርጋለን።"

ጻፍኩ። መልሱ ግን ሁለት ወር ፈጀ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ እሳቸው እዚያ ክፍል ውስጥ እየዋሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ከፈለኝ ጓሮ ውስጥ የእንሰት ቅጠል ይመለምላሉ። እትዬ ጸሐይ አስተማሪ ናቸው፤ በረንዳው ላይ የተማሪ ደብተር ያርማሉ። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ደስ አላቸው። ያ ደስታቸው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። በሌላው ሰው ላይ የተለመደው ስንት እንደሆነ፣ የእሳቸው ስንት እንደሆነ። እትዬ ጸሐይ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ካንሰር ነው?" አሉ ጋሼ ከፈለኝ።

"አይደለም።"

"ካንሰር ይሆናል?"

"ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከሌላው ሰው ይልቅ ዕድሉ ከፍ ይላል።"

"ታዲያ አሁን በሽተኛ ነኝ ወይስ ጤነኛ?"

ይህን ጥያቄ በኋላ ከእኔ የበለጠ የተማሩ ሰዎችም ይመልሱታል፤ የሚመልሱት ግን ሁለት ዓይነት ነው።

"ጤነኛ ነዎት" አልኩ። "ግን ከጨረሩ መራቅ አለብዎት። ክፍሉ መጠገን አለበት፤ ለኮሌጁ ኮሚቴ ጽፌያለሁ።"

ጋሼ ከፈለኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሁን ደህና ነው" አሉ። "እስካሁን በቃል ነበር የምጮኸው። አሁን ወረቀት ይኖራል። የተማረ ሰው ያየው ነገር ነው፤ ይሰሙታል።"

እትዬ ጸሐይ ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኙኝ፤ ተሰናበቱኝና በሩን ዘጉ።

የኮሚቴው መልስ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለዘጠኙም ራጅ ቤቶች ደብዳቤ እንዲጻፍ ፈቅዷል። በጥብቅ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነው፤ የማንም ስም እንዳይጠቀስ፣ የሚስጥር ቁጥርም እንዳይወጣ። ረቂቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ደከምኩበት። ለጋሼ ከፈለኝ ክሊኒክ የተላከው እንዲህ ይል ነበር፦ "በተቋማችሁ በሚሠሩ አንድ የራጅ ባለሙያ ላይ ከፍተኛ የክሮሞዞም ጉዳት የተገኘ በመሆኑ፣ ባለሙያው ከጨረር ሥራ እንዲርቁና በሌላ የሥራ መደብ እንዲመደቡ፣ የራጅ ክፍሉም በአስቸኳይ እንዲጠገን እንመክራለን።"

ስም የለበትም። ቁጥር የለበትም። የኮሚቴው ሰባት አባላት አንብበውታል፣ ዶክተር ፊሊጶስ ፈርሞበታል፣ ማኅተም ተደርጎበታል። ክሊኒኩ ግን የነበረው የራጅ ባለሙያ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከመካከላችን ይህን ያሰበ አልነበረም። ይህን ስናገር ሰዎች አያምኑኝም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ስሙን በመደበቁ ላይ ስለተጠመድን፣ የደበቅነው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ እንደነበር አላየንም።

ደብዳቤው በገባ በስድስተኛው ቀን ጋሼ ከፈለኝ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር።

"አንድ ወረቀት ላንብብልሽ" አሉ። "'በተካሄደው የምርምር ውጤት መሠረት ከጨረር ሥራ እንዲርቁ ስለተመከረ፣ ለጤናዎ ደህንነት ሲባል የሥራ ውልዎ ከዛሬ ጀምሮ መቋረጡን እናስታውቃለን። ላበረከቱት የረጅም ጊዜ አገልግሎት እናመሰግናለን።' ይኼ 'እንዲርቁ' የሚለው ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው" አልኩ።

"እንደዚያ መሰለኝ። አጻጻፉ የተማረ ሰው ነው" ብለው ስልኩን ዘጉ።

በማግሥቱ የክሊኒኩን ባለቤት አቶ ደጀኔን ላነጋግር ሄድኩ። አቶ ደጀኔ ከክሊኒኩ በፊት ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ አሁንም ናቸው። ክፉ ሰው አይመስሉም። ወንበር ሳቡልኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ።

"ልጄ፣ እናንተ ናችሁ ይራቅ ያላችሁት። እኛ ደግሞ አራቅነው። ጥፋታችን ምንድን ነው?"

"ሌላ ሥራ ላይ መድቧቸው ነው ያልነው።"

"ምን ላይ ልመድበው? ካርድ ክፍል ልጆች አሉ። ጥበቃ ላርገው? ያንን የመሰለ ባለሙያ ጥበቃ ባረገው አንቺ ራስሽ ትከሺኛለሽ።"

"የክፍሉ ጥገናስ? ደብዳቤው ላይ እሱም አለ።"

"እሱ በዕቅድ ተይዟል።"

"መቼ ነው የሚሠራው?"

"በዕቅድ ተይዟል አልኩሽ እኮ" አሉና ሰዓታቸውን አዩ። ስነሳ በር ድረስ ሸኙኝ። "የኔም ልጅ ሕክምና ልትማር ነው" አሉኝ፤ "እንዳንቺ ጎበዝ ብትሆንልኝ።"

ጋሼ ከፈለኝ ከሰሱ። ጠበቃቸው ጉዳዩ ቀላል እንደሆነ ነገራቸው፤ በሥራ ምክንያት ጉዳት ደርሶባቸዋል፣ ካሣ ይገባቸዋል። ማስረጃ ሲጠየቅ ወደ እኔ መጡ። ዶክተር ፊሊጶስ ውጤቱን በስማቸው ጽፎ ሰጠ፤ ይህን ለማድረግ ኮሚቴውን አንድ ወር ለምኗል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ግን በደንቡ መሠረት "ለምርምር ዓላማ ብቻ" የሚል ማኅተም ነበረበት። የክሊኒኩ ጠበቃ ይህችን መስመር በጣቱ እያሳየ አነበባት።

ከዚያ ወደ ሐኪሞች ቦርድ ተላኩ። ልባቸው ተደመጠ፣ ደማቸው ተቆጠረ፣ ሽንታቸው ታየ፣ ራጅም ተነሱ። ሁለት ወገብ ያለውን ክሮሞዞም የሚያይ መሣሪያ ቦርዱ ዘንድ አልነበረም፤ ቅጹ ላይም እሱ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ውሳኔው በአንድ መስመር መጣ፦ "ምንም ዓይነት የአካል ጉዳት አልተገኘባቸውም፤ ለሥራ ብቁ ናቸው።"

እንግዲህ ሁለት ወረቀት በእጃቸው ሆነ። አንዱ ጤናዎ ስለተጎዳ ውጡ ይላል። ሌላው ጤነኛ ስለሆኑ የሚካሱበት ነገር የለም ይላል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። ክሱ ውድቅ ሲሆን ችሎቱ ውስጥ ነበርኩ። ጋሼ ከፈለኝ ዳኛውን እጅ ነስተው ወጡ።

ሌላ ቦታ ሥራ እንዳይፈልጉ ወሬው ቀደማቸው። ይርጋጨፌ ያለ አንድ ክሊኒክ ቃለ መጠይቅ ጠርቷቸው ነበር፤ በማግሥቱ "ይቅርታ፣ ጨረር ያለብዎት እርስዎ ነዎት አሉ" ብሎ ሰረዘው። ጨረሩ ገላቸው ላይ የቀረ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። አንዲት ጎረቤታቸው ልጇን እንዳያቅፉባት በዘዴ ትወስድባቸው ጀመር። እኔ የነገርኳቸው ሁለት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ግን ስንት እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል።

አንድ ቀን ገበያ መሃል ከእትዬ ጸሐይ ጋር ተገናኘን። ሰላም ልላቸው ጎንበስ ስል ወደ ኋላ አሉ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባትነግሪን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?"

"ጨረሩ... ጉዳቱ እየባሰ ይሄድ ነበር፣ እትዬ።"

"ይሄድ ነበር። እሺ። እሱ ግን ጠዋት ተነስቶ ሸሚዙን ተኩሶ የሚሄድበት ነበረው። አሁን ጠዋት ተነስቶ ክንዱን ያያል። ቆዳውን ይነካካል። እራት ላይ 'ዛሬ ስንት የተሰበሩ ይመስልሻል' ይለኛል። የሚያድን ነገር ሳትይዢ ለምን መጣሽ? እሱ ቢጠይቅሽስ፣ እሺ ማለት ነበረብሽ?"

"ቃል ገብቼላቸው ነበር።"

"ቃልሽን ጠበቅሽ። ለራስሽ ነው የጠበቅሽው" አሉኝና ጎመናቸውን ይዘው ሄዱ። ገበያተኛው እየገፋኝ ሲያልፍ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ጥናቴን ያቀረብኩት በሰኔ ነው። ከውጭ የመጣው ፈታኝ ሰባት ቁጥርን የያዘውን ሠንጠረዥ ወደደው። "ይህ ግኝት ብቻውን ለኅትመት ይበቃል፣ ዕድለኛ ነሽ" አለኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ናፍቆት የምትባል የክፍል ጓደኛዬ አበባ አንገቴ ላይ አደረገችልኝ፤ ፎቶ ተነሳን። ፎቶው ላይ እስቃለሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም፣ ስቄያለሁ ግን።

በዚያው ክረምት እትዬ ጸሐይ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ጨለለቅቱ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ጋሼ ከፈለኝ አብረው ሄዱ። ኮሌጁ በቀጣዩ ዓመት ክትትል ጥናት እንድሠራ ሲያዘኝ፣ ያው ሃያ ሰው ደማቸውን እንደገና መስጠት ነበረባቸውና፣ ኅዳር ላይ ጨለለቅቱ ወረድኩ። ከመኪና ማቆሚያው ሞተር ሳይክል ይዤ አሁን ወደሚሠሩበት የቡና ማጠቢያ ሄድኩ። ጋሼ ከፈለኝ ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። ግራና ቀኛቸው ያሉት ሴቶች በጌዴኦኛ ያወራሉ፤ እሳቸው ዝም ብለው ይሠራሉ። ከስተዋል። ከበሽታ ይሁን ከሐሳብ ማወቅ አልቻልኩም።

"ኤልቤቴል" አሉኝ። በስሜ መጠራቴ አስደነገጠኝ፤ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ይቅርታ ልላቸው ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

"እኔ ነኝ ንገሪኝ ያልኩሽ። አንቺን ልወቅስ አልችልም። ደግሞ ልወቅስሽ የምፈልግባቸው ቀኖች አሉ፣ እንዳልዋሽሽ። ዛሬ ግን ደክሞኛል።" ቀና አሉ። "ደም ልትቀጂ ነው የመጣሽው?"

"ካልፈለጉ ይቀራል።"

"አልፈልግም። ቀንሶ ከሆነ ሥራዬን አይመልስልኝ፤ ጨምሮ ከሆነ ማወቅ አልፈልግም። የሚመጣ ከሆነ ሲመጣ አየዋለሁ።" አንድ እፍኝ ቡና አነሱና መልሰው በተኑት። "እኔ ቦታ ሰው ቀጠሩ?"

"አዎ። ሀጅራ የምትባል ልጅ ናት። ከኮሌጅ ከወጣች ዓመት አልሞላትም።"

"ክፍሉንስ አበጁት?"

"የለም።"

ጋሼ ከፈለኝ ፊታቸው ጠቆረ። ለራሳቸው ያላዘኑትን ያህል ያዘኑ መሰለኝ። "ሂጂና ንገሪያት" አሉ። "ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪያት።"

"ነግሬዎት የሆነውን አይተው እንዴት እንዲህ ይሉኛል?"

"አይቼማ ነው የምልሽ። ለአለቃዋ አትጻፊ። ለእሷ ብቻ ንገሪያት።"

በሳምንቱ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሀጅራ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትሑት ልጅ ናት። ሰማያዊ ሂጃቧን በነጭ ጋውኗ ውስጥ አስገብታ ለብሳለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ የያዝኩትን የደም ቱቦ ሣጥን አየችና ሁለት እጇን ወደ ኋላ ወሰደች።

"እኔ ደም አልሰጥም፣ እህቴ" አለች።

"ለመቅዳት ብቻ አይደለም የመጣሁት..."

"ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው እንዴት እንደወጡ ሰምቻለሁ። ምርመራው ነው ያስወጣቸው ብለውኛል። እናቴ ሻሸመኔ ናት፤ ታናናሾቼ በእኔ ነው የሚማሩት። ይቅርታሽን።"

ምርመራው አይደለም ያስወጣቸው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ከተማው ውስጥ ያሉ ራጅ ሠራተኞች ሁሉ ይህንኑ እንደሚሉ ቀድሞም አውቃለሁ፤ ለክትትሉ ከሃያው ሰው ደሙን የሰጠኝ ሦስት ብቻ ነው። ጨረር ሰውን እንደሚጎዳ ላሳይ ተነስቼ፣ ሰው ከጨረሩ ይልቅ እኔን እንዲፈራ አድርጌያለሁ።

"ደምሽን አልፈልግም" አልኳት። "ምንም አልጽፍም። ስምሽንም አላውቀውም በይ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽና ልሂድ።"

አመነታች። ከዚያ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አይታ አስገባችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ምን ላርግ?" አለችኝ።

ጨረሩ ሰው በራቀው ቁጥር እንደሚቀንስ ነገርኳት። ታካሚውን እሷ ራሷ እንዳትይዝ፣ ቤተሰቡ እንዲይዝ፣ የሚይዘውም ሰው ሽርጡን እንዲለብስ። ማንሻውን ስትጫን ከማሽኑ የቻለችውን ያህል ርቃ፣ ቢቻል ከክፍሉ ወጥታ፣ ከግንቡ ጀርባ እንድትቆም። ሀጅራ ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ ማንሻውን ከመንጠቆው አውርዳ፣ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ጎትታ ሄደች። ከማሽኑ ሦስት እርምጃ እንደራቀች ገመዱ ተወጠረና ቆመች።

"ከዚህ አያልፍም" አለችኝ።

ውጪ የጥበቃው ሰው "ታካሚ መጥቷል" እያለ ይጣራ ነበር። ሣጥኔን አንስቼ ወጣሁ።